ትልቁን ዝማሬ በጥቂት እጅ፦ የባሮክ የመዘምራን ሥራዎችን ለኦርጋንና ለትንሽ ቡድን ማቀናበር

በ1602 ቬኒስ ውስጥ አንድ የኖታ መጽሐፍ ታተመ። ደራሲው ሎዶቪኮ ቪያዳና የሚባል የፍራንቸስካውያን መነኩሴ ነው። መጽሐፉ የያዛቸው የቤተ ክርስቲያን ዝማሬዎች ከአንድ እስከ አራት ለሚደርሱ ዘማሪዎችና ለአንድ ኦርጋን የተጻፉ ናቸው። ለምን እንደጻፋቸው በመቅድሙ ያስረዳል። በዘመኑ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ከኦርጋን ጋር ለመዘመር ሲፈልጉ ለእነሱ ቁጥር የተደረሰ ነገር አያገኙም ነበር። ስለዚህ ለአምስት፣ ለስድስት፣ አልፎ አልፎም ለስምንት ድምፅ የተጻፈ ሞቴት፣ ማለትም በላቲን ቃል የሚዘመር የመዘምራን ሥራ፣ ያነሱና ከመካከሉ ሁለት ሦስቱን መስመር ብቻ መዘው ይዘምራሉ። የቀሩት ድምፆች ሊገቡበት የነበረው ቦታ ባዶ ይቀራል፤ ዜማው ይቆራረጣል፤ የተረፈው መስመር ለብቻው ሲሰማ አቅጣጫ ያጣል። ቪያዳና ከዚህ ቁርጥራጭ መውጫ አድርጎ ያቀረበው ከመነሻው ለጥቂት ሰው የታሰበ ሙዚቃ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአራት መቶ ዓመት በኋላም ችግሩ እዚያው ነው። አሥር ዘማሪ ያሉት ቤተ ክርስቲያን የሄንደልን «መሲሕ» ማቅረብ ይፈልጋል፤ ኦርኬስትራ ግን የለውም። ኦርጋኒስቱ አንድ የባኽ ካንታታ፣ ለዘማሪዎችና ለመሣሪያዎች የተጻፈ ባለ ብዙ ክፍል ሥራ፣ ወድዶ ለብቻው ሊጫወተው ይሻል። ሌላ ቦታ ደግሞ የቴኖር ድምፅ ያለው ሰው ጠፍቶ ቪቫልዲ መደርደሪያ ላይ ይከርማል። እነዚህ ሁሉ የሚፈልጉት ቅንብር ነው፤ ማለትም ለብዙዎች የተጻፈውን ለጥቂቶች አድርጎ እንደገና መጻፍ። ብዙ እንዲህ ያሉ ቅንብሮችን ኖታቸውን እያየሁ ካዳመጥኩ በኋላ የደረስኩበት አቋም አለኝ። ቅንብሩ የሚሳካው አቀናባሪው የሚጥለውን ነገር በድፍረት ሲመርጥ ነው። እያንዳንዱን ኖታ ለመሸከም የሚሞክር ግን ሙዚቃውን ያንቀዋል። ለዚህ ዋና ምስክሮቼ የባሮክ ደራስያን ራሳቸው ናቸው።

ትልቁ ምን ያህል ትልቅ ነበር?

ስለዚህ ጉዳይ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ ከተሳሳተ ምስል ይነሳል። «ዋናው ሥራ» ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው መቶ ዘማሪና ሙሉ ኦርኬስትራ የተሰለፈበት መድረክ ነው። «መሲሕ» ኤፕሪል 13 ቀን 1742 ደብሊን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ግን መዘምራኑ ከከተማዋ ሁለት ካቴድራሎች የተውጣጡ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። መሣሪያውም ባለ ክር መሣሪያዎች፣ ትራምፔት፣ ቲምፓኒና አጃቢ ኪቦርድ ነበር፤ ኦቦና ባሶን የተጨመሩት በኋላ፣ ለንደን ውስጥ ነው። በ1754 ለንደን በሚገኘው የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ፣ በፋውንድሊንግ ሆስፒታል፣ ሲቀርብ ለባለሙያዎቹ የተከፈለው ሒሳብ ተመዝግቦ ቀርቷል። ተጫዋቾቹ 38 ያህል ሲሆኑ የመዘምራኑ ቁጥር ሃያ ገደማ ነበር። ከዘማሪዎቹ ይልቅ ተጫዋቾቹ ይበዙ ነበር ማለት ነው፤ በዛሬው አቀራረብ ብዙ ጊዜ የምናየው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ግዝፈቱ የመጣው ሄንደል ከሞተ በኋላ ነው። በ1784 በዌስትሚንስተር አቢ በተደረገው መታሰቢያ ከአምስት መቶ በላይ ዘማሪዎችና ተጫዋቾች ተሰለፉ። በ1789 ሞዛርት በቪየና ለባሮን ፋን ስዊተን ሥራውን እንደገና ሲያቀናብር ፍሉት፣ ክላሪኔት፣ ሆርንና ትሮምቦን ጨመረበት። ከ1857 ጀምሮ ለንደን ክሪስታል ፓላስ ውስጥ በተደረጉት የሄንደል ክብረ በዓላት ደግሞ ዘማሪዎቹ በሺሕ ይቆጠሩ ነበር። እንግዲህ አሥራ ሁለት ሰው ይዞ «መሲሕን» የሚያቀርብ ሰው ዋናውን አሳነስክ ተብሎ ሲወቀስ ወቀሳው የሚለካው በቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ መለኪያ ነው።

የባኽ ጉዳይ ከዚህም የጠለቀ ክርክር አስነስቷል። በኦገስት 1730 ባኽ ለላይፕዚግ ከተማ ምክር ቤት በጻፈው ማስታወሻ እያንዳንዱ መዘምራን ቢያንስ አሥራ ሁለት ሰው፣ ቢቻል አሥራ ስድስት እንዲኖረው ጠየቀ። በዚያው ማስታወሻ መዘምራኑ የሚመሠረቱበትን የቶማስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሲቆጥር ለሥራ የሚሆኑት 17፣ ገና ያልደረሱት 20፣ ጭራሽ የማይችሉት 17 ናቸው ይላል። በ1981 አሜሪካዊው ጆሹዋ ሪፍኪን ከባኽ ዘመን የተረፉትን የዘማሪ ኖታዎች መርምሮ፣ በአብዛኛው ለአንድ ድምፅ አንድ ቅጂ ብቻ እንደነበረና መዘምራን የሚባለው በጥቅሉ አራት ወይም አምስት ሶሎ ዘማሪዎች እንደነበሩ ተከራከረ። እንግሊዛዊው አንድሩ ፓሮት ይህን ሐሳብ በመጽሐፍ አስፋፋው፤ ሆላንዳዊው ቶን ኩፕማን አጥብቆ ተቃወመው። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ሪፍኪን ሙሉ በሙሉ ትክክል ባይሆን እንኳ አንድ ነገር ተረጋግጧል ብዬ አምናለሁ፤ ይህ ሙዚቃ በጥቂት ሰው ሲዘመር አይፈርስም። እንዲያውም በወፍራም ድምፅ ውስጥ የሚደበቀው የመስመሮች ፉክክር ጎልቶ ይሰማል።

ደራስያኑ ራሳቸው የተዉት በር

ክላውዲዮ ሞንቴቨርዲ በ1610 ባሳተመው የማርያም የሠርክ ጸሎት ሙዚቃ ውስጥ የእመቤታችንን የምስጋና ጸሎት ሁለት ጊዜ ጽፎታል። አንዱ ሰባት ድምፅና በርካታ መሣሪያዎች ይፈልጋል። ሁለተኛው ለስድስት ድምፅና ለኦርጋን ብቻ ነው። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ታትመዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ እንደ አቅሙ ይመርጣል። በመጽሐፉ የመጀመሪያ መዝሙር ውስጥ የመሣሪያዎቹ መሸጋገሪያ ክፍሎች እንደ ፍላጎት ሊጫወቱ ወይም ሊዘለሉ እንደሚችሉም ደራሲው ጽፏል። እኛ ዛሬ በስጋት የምናደርገውን መቁረጥ ሞንቴቨርዲ አስቀድሞ ፈቅዶታል።

ጀርመናዊው ሄንሪኽ ሹትስ ቬኒስ ሄዶ ከጆቫኒ ጋብሪኤሊ የተማረ ሰው ነው። በ1619 «የዳዊት መዝሙራት» ብሎ ያሳተመው ሥራ በበርካታ መዘምራን የተከፋፈለ ግዙፍ ሙዚቃ ነው። ግን እዚያም ውስጥ ሹትስ ሁለት ዓይነት ቡድን ለይቷል። የተመረጡት ጥቂት ዘማሪዎች የሙዚቃውን አካል ይሸከማሉ፤ ትልቁ ቡድን የሚገባው ለድምቀትና ለግርማ ነው። ከዚያ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ጀርመንን አወደመ፤ ሹትስ የሚመራው የድሬስደን ቤተ መንግሥት መዘምራንም ተመናመነ። ሹትስ በ1636 እና በ1639 ያወጣቸው «ትናንሽ መንፈሳዊ ኮንሰርቶች» ከአንድ እስከ አምስት ድምፅና አጃቢ ባስ ብቻ የሚጠይቁ ናቸው። በመጀመሪያው ክፍል መግቢያ ላይ ጦርነቱ በሙዚቃ ላይ ያደረሰውን ጥፋት በሐዘን ይገልጻል። እነዚህ ትናንሽ ሥራዎች በችግር ጊዜ ተወልደው ከግዙፎቹ የማይተናነስ ጥልቀት አላቸው፤ ለእኔ እንዲያውም ይበልጣሉ።

ፈረንሳይ ውስጥ ፍራንስዋ ኩፐራን ለሕማማት ሳምንት የደረሳቸውን ትምህርቶች በ1714 ገደማ ሲያሳትም፣ ለከፍተኛ ድምፅ ቢጻፉም ሌላ ማንኛውም ድምፅ ሊዘምራቸው እንደሚችል አስታውቋል። ምክንያቱም፣ ይላል፣ አጃቢዎች ዛሬ ኖታውን ወደ ሌላ ከፍታ ቀይረው መጫወት ያውቃሉ። ሁለት ዘማሪ፣ አንድ ኦርጋን ወይም ሃርፕሲኮርድ፣ ከተገኘ አንድ የባስ ክር መሣሪያ። ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ የምረዳው በባሮክ ዘመን የሥራው ማንነትና የቡድኑ መጠን የተነጣጠሉ ነገሮች እንደነበሩ ነው። ለዚህ የሚያስችለው ዋና ምክንያት ባሶ ኮንቲኑዎ የሚባለው ዘዴ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይቋረጥ የባስ መስመር፣ በላዩ ኦርጋኒስቱ በቁጥሮች እየተመራ ስምምነቱን በራሱ የሚሞላበት። ባሱና ዋናው ዜማ እስካሉ ድረስ መካከሉን እንዳገኙት መሙላት ይቻላል። ከባሮክ በኋላ በመጣው ሙዚቃ ይህ ነፃነት በእጅጉ ይጠባል።

ባኽ ራሱን ሲያቀናብር

ስለ ቅንብር መማር የሚፈልግ ሰው አንድ መጽሐፍ ብቻ ምረጥ ቢለኝ የሹብለር ኮራሎችን እሰጠዋለሁ። ባኽ በ1748 ገደማ፣ ሊሞት ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው፣ ስድስት የኦርጋን ሥራዎች በዮሐን ጌኦርግ ሹብለር አሳታሚነት አወጣ። ከስድስቱ አምስቱ ከራሱ ካንታታዎች የተወሰዱ መሆናቸው ታውቋል። ኮራል የሚባለው የሉተራን ምዕመናን በአንድነት የሚዘምሩት መዝሙር ነው።

የመጀመሪያውና ዝነኛው ከ1731 ካንታታ፣ ከቁጥር 140፣ የተወሰደ ነው። በካንታታው ውስጥ አራት ንብርብር አለ። ቫዮሊንና ቪዮላ በአንድነት አንድ ረጅም፣ የሚወዛወዝ ዜማ ይጫወታሉ፤ ቴኖሮቹ ከሥሩ ኮራሉን ይዘምራሉ፤ ባሱ ይራመዳል፤ ኦርጋኒስቱ በባሱ ላይ ኮርድ ይሞላል። ባኽ ይህን ለአንድ ኦርጋኒስት ሲያወርደው ቀኝ እጅ የክሮቹን ዜማ፣ ግራ እጅ የቴኖሩን ኮራል፣ እግር ባሱን ያዘ። ኮርዶቹስ? ጣላቸው። ሦስት ራቁት መስመር ብቻ ቀረ፤ እናም ምንም የጎደለ አይመስልም። የዘመናችን አቀናባሪ እዚህ ቦታ ላይ ቢሆን ክፍተቱ አስጨንቆት በቀኝ እጅ ዜማ ሥር ሁለት ሦስት ኖታ ይጨምር ነበር፤ ዜማውም መወዛወዙን ያቆም ነበር።

ለምን ይህን ካንታታ እንደመረጠ መገመት እወዳለሁ። ሥራው የተጻፈው ከሥላሴ በዓል በኋላ ላለው ሃያ ሰባተኛ እሑድ ነው። ይህ እሑድ የሚገኘው ፋሲካ በጣም ቀድሞ በሚውልበት ዓመት ብቻ ስለሆነ ካንታታው በጸሎቱ ቦታ የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው። የኦርጋኑ ቅጂ ግን ዓመቱን ሙሉ ሊጫወት ይችላል።

ሦስተኛው ኮራል ሌላ ብልሃት ያሳያል። በምንጩ፣ በ1724ቱ ካንታታ ቁጥር 93፣ ሶፕራኖና አልቶ አብረው ሲዘምሩ ኮራሉን የሚጫወቱት ክሮቹ ናቸው። በኦርጋኑ ላይ ሁለቱን ድምፆችና ባሱን እጆች ይከፋፈሏቸዋል፤ ኮራሉ ለእግር ይሰጣል። ፔዳሉ ባለ 4 ጫማ ስቶፕ (የቧንቧ ረድፍ) ተከፍቶለት ከተጻፈው አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይዘምራል። እግር የባስ ቦታ ነው የሚለው ልማድ እዚህ ተሰበረ። ኦርጋን የእጅና የእግር ሰሌዳ ብቻ እንዳልሆነ፣ የቧንቧዎቹ ርዝመት ራሱ የአቀናባሪው መሣሪያ እንደሆነ የሚማሩት እዚህ ነው። ባለ 16 ጫማ ቧንቧ ከተጻፈው ኦክታቭ ዝቅ ይላል፤ ባለ 8 ጫማው እንደተጻፈው ይሰማል፤ ባለ 4 ጫማው ከፍ ይላል። እጆች የሚጣበቡበትን የሙዚቃ ክፍል በአንድ ስቶፕ ለውጥ ማላቀቅ ይቻላል።

ባኽ በሌሎች ሰዎች ሥራም እንዲሁ ነፃ ነበር። በ1740ዎቹ የፐርጎሌዚን «ስታባት ማተር» ወስዶ በመዝሙር 51 ላይ የተመሠረተ የጀርመንኛ ግጥም አለበሰው፤ ቪዮላው በአመዛኙ የባሱ ጥላ የነበረውን የራሱ መስመር ሰጠው። የፓለስትሪናን ቅዳሴ ደግሞ በኮርኔት፣ በትሮምቦንና በኦርጋን አጀበው። አንዱን ሲቀንስ ሌላውን ሲጨምር ይመራው የነበረው ጥያቄ በእጄ ያሉት ሰዎች እነማን ናቸው የሚል ነው።

ከእሱ በፊትም የሰሜን ጀርመን ኦርጋኒስቶች ይህን ሙያ ያውቁት ነበር። የሐምቡርጉ ሄንሪኽ ሻይደማን የላሱስንና የሐስለርን ሞቴቶች ለኦርጋን ሲያዘጋጅ ድምፆቹን እንዳሉ ገልብጦ አላበቃም፤ በፈጣን ጌጦች አስጊጧቸዋል። ዘማሪ ቃል አለው፣ እስትንፋስ አለው፣ ድምፁን ያጎላል ይቀንሳል። ቧንቧ ይህ ሁሉ የለውም፤ ስለዚህ ከቃሉ የጎደለው ሕይወት በጣት ቅልጥፍና ይተካል።

ከአዳራሹ ኦርጋን እስከ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን

አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ውርስ ትቶልናል። አንዱ የኖቬሎ ማተሚያ ቤት በርካሽ ያሰራጨው የመዘምራን ኖታ ነው፤ ከላይ ድምፆቹ፣ ከታች ኦርኬስትራው ወደ ኪቦርድ ተጨምቆ። ይህ ሕትመት ታላላቅ ኦራቶሪዮዎችን ተራ ሠራተኛ ወደሚዘምርበት ማኅበር አደረሳቸው፤ ውለታው ትልቅ ነው። ዳሩ ግን ያ ጭምቅ የተሠራው በልምምድ ጊዜ ለሚያጅብ ሰው ነው። ዛሬ ብዙ ቦታ ይህንኑ ኖታ ቀጥታ ኦርጋን ላይ አስቀምጠው ለጸሎት ይጫወቱታል፤ ውጤቱም የተጨናነቀ ጩኸት ይሆናል። ፒያኖ ላይ የሚጠፋው ኖታ ኦርጋን ላይ አይጠፋም፤ ጣት እስካልተነሳ ድረስ ይጮኻል።

ሁለተኛው ውርስ የኮንሰርት ኦርጋን ነው። የሊቨርፑሉ ዊልያም ቶማስ ቤስት ከትልልቅ ደራስያን ሥራዎች ለኦርጋን ያቀናበራቸውን በብዙ ቅጽ አሳተመ። ሃንጋሪያዊው ሊስት ከባኽ ካንታታ ቁጥር 21 መክፈቻውንና አንድ ፉጋ፣ ድምፆች አንድን ዜማ እየተቀባበሉ የሚከተሉበትን ክፍል፣ ለኦርጋን አዘጋጀ። ልማዱ በሚቀጥለው ክፍለ ዘመንም ቀጠለ፤ ፈረንሳዊው ኦርጋኒስት ቪዶር በ1925 «የባኽ መታሰቢያ» ብሎ ስድስት ቅንብሮች አወጣ፤ የአገሩ ልጅ ዱሩፍሌም ከካንታታ 22 እና 147 ሁለት ኮራሎችን ለኦርጋን አቀናበረ። የዱሩፍሌን እወዳቸዋለሁ፤ ከባኽ ጎን ዝቅ ብለው ይቆማሉ።

ወደ ሥራው ዝርዝር ልግባ። የቪቫልዲ «ግሎሪያ» (በሥራዎቹ ዝርዝር ቁጥር 589) ለትንሽ ቡድን ከሚፈለጉት ሥራዎች ሁሉ ቀዳሚው ሳይሆን አይቀርም። ከረጅም መረሳት በኋላ በ1939 ሲየና ውስጥ እንደገና የተሰማው አልፍሬዶ ካዜላ ባዘጋጀው ቅንብር ነው፤ የመጨረሻውን ፉጋም ቪቫልዲ ራሱ ከጆቫኒ ማሪያ ሩጄሪ ሥራ ወስዶ ነው ያቀናበረው። የመክፈቻው ክፍል በክሮች የኦክታቭ ዝላይ ይጀምራል። ያ ዝላይ ለቀኝ እጅ ይመቻል፤ ከሥሩ ያለው የሚደጋገም ባስ ግን በፔዳል እያንዳንዱን ኖታ ልምታ ካሉ እንደ መዶሻ ይሆናል። የምቱን ጠንካራ ኖታዎች ብቻ እግር ይያዝ፤ የቀረውን ግራ እጅ በቀላል ስቶፕ ይንካው። ሁለተኛው ክፍል ቀርፋፋና ሐዘንተኛ ነው፤ ክሮቹ ያንኑ ኖታ እየደጋገሙ ይንቀጠቀጣሉ። ይህን ኦርጋን አይችለውም። እዚህ ኖታዎቹን አያይዞ መያዝና እንቅስቃሴውን ለአንድ ቼሎ መስጠት ይሻላል። የሶፕራኖዋ ሶሎ ከኦቦ ጋር ደግሞ ከመጀመሪያውም ትንሽ ሥራ ነው፤ አንድ ዘማሪ፣ አንድ ኦቦ ወይም ቫዮሊን፣ አንድ አጃቢ። ይህን ማቀናበር አያስፈልግም፤ መተው ነው።

አንድ ትራምፔትና ኦርጋን «ግሎሪያን» ለመሸከም ይበቃሉ ብዬ አምናለሁ። የትራምፔቱን ብርሃን ኦርጋን ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ከሌላ የክፍሉ ጥግ የሚመጣ፣ በሰው እስትንፋስ የሚነፋ ድምፅ የቦታ ስፋት ይሰጣል። በጀት አንድ ሰው ብቻ ለመቅጠር የሚፈቅድ ከሆነ የእኔ ምርጫ ያ ሰው ነው። ሥራው ክሮች ብቻ ያሉት ከሆነ ግን ቼሊስት ይቀጠር።

«መሲሕ» ውስጥ ያለው የ«ሃሌ ሉያ» ዝማሬ ነገር ከዚህ ይለያል። ሶፕራኖዎቹ አንድ ኖታ ረጅም ጊዜ ይዘው፣ ከታች ሌሎቹ እየደጋገሙ እየመለሱ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ለኦርጋን የተጻፈ ይመስላል። ቧንቧው የማይደክም ስለሆነ የተያዘው ኖታ እስከ መጨረሻው ሙሉ ሆኖ ይቆያል። ቲምፓኒው ግን ለኦርጋን አይሆንም፤ ዝቅ ያለ ቧንቧ ድምፅ ለማውጣት ጊዜ ይወስዳል፣ የከበሮን ምት ሊተካ አይችልም። አንድ እውነተኛ ቲምፓኒ ማግኘት ካልተቻለ መተው ነው እንጂ በፔዳል መደብደብ አይገባም።

ድምፆች ሲጎድሉስ? የተለመደው መፍትሔ አራቱን ድምፅ ወደ ሦስት ማጠፍ ነው፤ ሶፕራኖ፣ አልቶና አንድ የወንድ መስመር። ይህ በአብዛኛው መጥፎ መንገድ ነው። የወንዱ መስመር አንድ ጊዜ ባስ፣ አንድ ጊዜ ቴኖር እየሆነ ሲዘል ቅርጹን ያጣል። ከዚህ ይልቅ የጎደለውን ቴኖር ሳይነኩ ለቪዮላ፣ ለቼሎ ወይም ለኦርጋኒስቱ ግራ እጅ መስጠት ይሻላል፤ ሚካኤል ፕሬቶሪዩስ በ1619 መጽሐፉ ያስተማረው ይህንኑ ድምፅንና መሣሪያን የማለዋወጥ ጥበብ ነው። ከቪቫልዲ ሕይወትም ማስረጃ አለ። በቬኒሱ የሴት ልጆች ማሳደጊያ፣ በፒየታ፣ የሚዘምሩት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ የመዘምራን ኖታው ግን ቴኖርና ባስ አለው። ሴቶቹ ባሱን በዝቅተኛ ድምፃቸው ዘመሩት ወይስ ኦክታቭ ከፍ አደረጉት የሚለው ያከራክራል። ከፍ ቢያደርጉትም ስምምነቱ አይገለበጥም፤ ከታች ቼሎውና ኦርጋኑ እውነተኛውን ባስ ይዘዋልና። ሴቶች ብቻ ያሉበት መዘምራን ዛሬም በዚሁ መንገድ መሄድ ይችላል።

የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ጉዳይም እዚህ ይገባል። በአገር ቤትም በውጭም ያሉ የአማርኛ ተናጋሪ ወንጌላውያን መዘምራን በአብዛኛው የሚያጅባቸው ፔዳል የሌለው ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ነው፤ ከጎኑ ቤዝ ጊታር አለ። ይህ ለባሮክ ከሚታሰበው በላይ ይመቻል። ቤዝ ጊታሩ የባሶ ኮንቲኑዎውን መስመር ኖታ በኖታ፣ ያለ ጌጥና ያለ ዳንስ ምት ከያዘ ኪቦርዱ ሁለት እጁ ነፃ ይሆናል። የሚያበላሸው በኪቦርዱ ላይ የሚጨመረው ወፍራም የክር ድምፅና አውቶማቲክ ምት ነው። ቀላል የኦርጋን ድምፅ፣ ባለ 8 እና ባለ 4 ጫማ የሚመስል፣ ከዚያ ሌላ ምንም አይጨመር።

ቃሉስ የት ሄደ?

ኦርጋን ብቻውን ሲጫወት የሚጠፋው ትልቁ ነገር ቃል ነው። ባኽ የሹብለር ኮራሎችን ሲያሳትም ይህ አላሳሰበውም ብዬ አስባለሁ፤ አድማጮቹ መዝሙሮቹን ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃል ያውቋቸዋል። በገና ደርዳሪ የታወቀ መዝሙር ዜማ ብቻ ሲደረድር እኛ ቃሉን በልባችን እንደምንከተለው ማለት ነው። ላይፕዚግ ያልኖረ፣ ኮራሉን የማያውቅ አድማጭ ግን የሚሰማው የሚያምር ዜማ ብቻ ነው። ስለዚህ የኦርጋን ቅንብር ለማን ይቀርባል የሚለው ጥያቄ የሙዚቃው አካል ነው። መፍትሔው ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ኦርጋኑ ከመጀመሩ በፊት አንድ ዘማሪ የኮራሉን አንድ ቤት ብቻውን ይዘምር። የአሌግሪ «ምሕረት» ዓይነት ሥራ ግን፣ በሁለት መዘምራን በዘጠኝ ድምፅ የተከፋፈለ፣ አብዛኛው ኃይሉ በቃሉ ንባብ ላይ ያለ፣ ያለ ቃል ሲቀርብ የሚቀረው ስምምነቱ ብቻ ነው። ሊስት ይህን ስለተረዳ ይመስለኛል በ1862 ከአሌግሪ ሲነሳ ቅጂ ከመሥራት ይልቅ የራሱን አዲስ ሥራ የጻፈው።

በቅርብ ጊዜ ከሰማሁት ሁሉ ደፋሩ ቅንብር ቃልን አልነካም። በ2020 የስቅለት ዓርብ፣ ዓለም በኮሮና ተዘግታ ሳለ፣ በላይፕዚግ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን በባኽ መቃብር አጠገብ የዮሐንስ ሕማማት በሦስት ሰው ቀረበ። አይስላንዳዊው ቴኖር ቤኔዲክት ክሪስትያንሶን ተራኪውንም፣ ኢየሱስንም፣ ሕዝቡንም ብቻውን ሆነ። አንዲት ተጫዋች ሃርፕሲኮርድና ኦርጋን ያዘች፤ ሌላው የምት መሣሪያዎች። ኮራሎቹን ብቻ ተጨማሪ ጥቂት ዘማሪዎች ተራርቀው ቆመው ሲዘምሩ በየአገሩ በየቤቱ የተቀመጠ ሰው በኢንተርኔት አብሮ እንዲዘምር ተጋበዘ። በባኽ ዘመን ምዕመናን በሕማማቱ ውስጥ ኮራሉን አብረው ይዘምሩ እንደነበር እርግጠኛ ማስረጃ የለም። ቢሆንም እዚህ ምርጫው ትክክል ነበር። ኦርኬስትራው፣ መዘምራኑ፣ ግዙፎቹ ፉጋዎች ሁሉ ሄደው ትረካው፣ ባሱና የሕዝቡ መዝሙር ቀሩ። የሰቃዮቹ ጩኸት ከአንድ ሰው ጉሮሮ ሲወጣ ከሠላሳ ሰው የበለጠ ያስፈራ ነበር።

ለአቀናባሪዎች አንድ የሕግ ነገር በአጭሩ ላንሳ። ባኽ በ1750፣ ሄንደል በ1759፣ ቪቫልዲ በ1741 ሞተዋል፤ ሥራዎቻቸው የሁሉም ናቸው። የዘመናችን ሰው ያዘጋጀው ሕትመትና ቅንብር ግን የራሱ መብት ሊኖረው ይችላል። በ2005 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የፈረንሳዊውን ደራሲ የላላንድን የባሮክ ሥራዎች ለሕትመት ላዘጋጁት ምሁር ላዮነል ሶኪንስ በሃይፒሪየን የሙዚቃ ቅጂ ኩባንያ ላይ ፈርዶላቸዋል። ዱሩፍሌ የሞተው በ1986 ስለሆነ ቅንብሮቹ በብዙ አገሮች ገና የተጠበቁ ናቸው፤ የአገራችን ሕግም ደራሲው ከሞተ በኋላ ሃምሳ ዓመት ይቆጥራል። በኢንተርኔት ላይ ካሉት ነፃ የኖታ ማከማቻዎች ከአሮጌ ሕትመት ተነስቶ የራስን ቅንብር መሥራት ከሁሉም የሚሻል መንገድ ነው።

የማይወርድ ሥራም አለ፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። የማቴዎስ ሕማማት መክፈቻ ሁለት መዘምራንና ሁለት ኦርኬስትራ አለው። አንደኛው ወገን ይጠራል፤ ሁለተኛው ባጭር ጥያቄ ያቋርጠዋል፤ ከሁለቱ በላይ ሌሎች ሶፕራኖዎች ሦስተኛ ነገር፣ ኮራል፣ ይዘው ይመጣሉ። ባለ ሁለት ሰሌዳ ኦርጋን ላይ ሁለቱን ወገን በድምፅ ቀለም መለየት ይቻላል፤ ኮራሉንም ለፔዳል በ4 ጫማ መስጠት ይቻላል፤ ግን ያን ጊዜ ባሱን የሚይዝ አካል አይቀርም። ባሱ ደግሞ ረጅም ጊዜ አንድ ኖታ ላይ ቆሞ ሁሉንም የተሸከመው ነው። ከዚህም በላይ ጥያቄዎቹ ቃላት ናቸው፤ ያለ ቃል ጥያቄ አይደሉም። እዚህ ከአራቱ አንዱን መጣል ግድ ይላል፣ የቱም ቢጣል ደግሞ ቤቱ ይናዳል። ቪዶር ከዚሁ ሕማማት ለ«መታሰቢያው» ሲመርጥ የወሰደው የመጨረሻውን የመዘምራን ክፍል ነው። ያ ክፍል በዝግታ የሚወዛወዝ አንድ ዜማ በጽኑ ባስ ላይ ነው፤ ሁለተኛው መዘምራን የሚገባውም በአብዛኛው እንደ ማስተጋባት ነው፤ ስለዚህ ወደ ሌላኛው ሰሌዳ እጅን ማሻገር ብቻ ይበቃዋል።